ሞልቶ ሳለ የጮኸው በርሜል

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የመጨረሻ ልጄ ሜሮን፣ የኋላውን ክፍል የተከራዩት ሁለቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ሰሚራና ብርቱካን፣ እንዲሁም ዝናቡ አላስኬድ ብሎት ባጃጁን አቁሞ ከውጭው በራችን ቆርቆሮ ስር የተጠለለው የሰፈራችን ልጅ አብዲ ነን፣ ሌላ ማንም አልነበረም። ባለቤቴ ሥራው ገለምሶ ስለሆነ የዚያን ቀን እዚያው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል እንዳትሉኝ ነው።

በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። በጌታ ያለሁ ሰው ነኝ፣ የሰፈር ሴቶች ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምሩ ሥራ አለብኝ ብዬ ነው የምነሳው። እኔ የምፈራው የላላ ሶኬት፣ ያልተዘጋ በር፣ ያልጠፋ እሳት ነው። ለተማሪ አከራይቶ አብሮ የሚኖር ሰው ይገባዋል፣ እናታቸው በስልክ "እህቴ፣ አደራሽን" ትለኛለች፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። አንዷ ስልኳን ሰክታ ትሄዳለች፣ አንዷ ሩዝ ጥዳ ትረሳለች፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ሳምንት ይኳረፋሉ፣ ሲመሽ በር ይዘጋል ስላቸው ደግሞ "እትዬ አስቴር፣ እኛ እኮ እስረኛ አይደለንም" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አሁን ስለ በርሜሉ ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ እንደ ልብ አይመጣም፣ ሲመጣም ሳይናገር ነው፣ ስለዚህ ቧንቧው ሲያስል ቀድሞ የሰማ ሰው ጓሮ ያለውን በርሜል ይመታል፣ ሁላችንም ጀሪካን ይዘን እንሮጣለን። ይህን ያስለመደችን ጫልቱ ናት። ጫልቱ አምና እዚያው የኋላ ክፍል የነበረች የመቻራ ልጅ ናት፣ ሌሎቹ እትዬ ሲሉኝ እሷ ብቻ "ሀደ ሜሮን" ትለኝ ነበር፣ የሜሮን እናት ማለቷ ነው። አመታቷ የራሷ ነበር፣ ሦስቴ ፈጠን አድርጋ ትመታና፣ ቆየት ብላ፣ የረሳችው ነገር ትዝ ያላት ይመስል አንዴ ትጨምራለች። ሜሮን ልትኮርጃት ሞክራ አልሆነላትም። አባቷ ታመው ቡናውን የሚለቅም ሰው ሲጠፋ ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች፣ ብርድ ልብሷንና ሳፋዋን ስመለስ እወስዳለሁ ብላ እኔ ጋ ትታ። መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር፣ በኋላ ስልኳ አልሠራ አለ።

የዚያን ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ፣ መብራትም አልነበረም። የሜሮንን ጸጉር እየሠራሁ ነበር፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ በርሜሉ ጮኸ። ሦስቴ ፈጠን ብሎ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ አንዴ። ሜሮን ቀና ብላ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ጫልቱ መጣች" አለች። አብዲም ከበሩ ሆኖ "እትዬ፣ ውሃ መጣ እንዴ?" አለኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁት፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ፣ ጓሮ ውስጥ ሰው የለም። ጭቃው ላይ ከእኔ እግር በቀር ዱካ የለም። ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ደረቅ ነው። ልመለስ ስል የልጆቹ የከሰል ምድጃ ከቦታው የለም፣ አመዱ ብቻ ቀርቷል። ከሰል ቤት ውስጥ እንዳይገባ፣ ማንም ልጅ ሻንጣውን ሳያወርድ በፊት የምናገረው ነገር ነው። በራቸውን አንኳኳሁ፣ ዝም። በስማቸው ጠራኋቸው፣ ዝም። ሁለት ሴት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ዝምታ የሚባል ነገር የለም፣ እመኑኝ።

አብዲ መጥቶ በትከሻው ገፍቶ መቀርቀሪያውን ነቀለው። ምድጃው መሃል ወለሉ ላይ ቀልቷል፣ አጠገቡ ወንበር ላይ ሁለት ነጭ ጋዎን ተሰጥቷል፣ ለሰኞ የልምምድ ፈተና አጥበውት ዝናቡ አላደርቅ ስላላቸው። መስኮቱ ለብርዱ በጨርቅ ተወትፎ ነበር። ብርቱካን አልጋ ላይ ናት፣ ሰሚራ መስኮቱ ስር ወድቃለች፣ ከመስኮቱ የነቀለችውን ጨርቅ በእጇ እንደ ጨበጠች። ጎትተን አወጣናቸው፣ አብዲ በኦሮምኛ ይጠራቸዋል፣ እኔ ኢየሱስ ኢየሱስ እላለሁ፣ ለእናቶቻቸው ደውዬ ምን ልበል እያልኩ። ያኔ ብርቱካን አስመለሰች። በሕይወቴ ትውከት አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰሚራም ዓይኗን ገለጠች፣ በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረስናቸው፣ ኦክስጅን ሰጧቸው፣ ሐኪሙ "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ" ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። በማግስቱ የሠራሁላቸውን ሾርባ ጨው በዛበት ብለው ሲያማርሩ ጌታ ይመስገን አልኩ፣ ዳኑ ማለት ነው።

ያን ሾርባ እየጠጣች ሰሚራ ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ ማናት?"

"የቷ ልጅ?"

"'ቢሻን ዱፌ፣ ካኢ' ትለኝ ነበር። ውሃ መጣ ተነሺ እያለች። ልከፍትላት ስነሳ ነው የወደቅሁት።"

ሰሚራ የመጣችው ዘንድሮ ነው፣ ጫልቱን አይታት አታውቅም፣ ስሟንም አላነሳሁላትም ነበር። ብርቱካን ደግሞ ምንም አልሰማችም።

ሌላም አለ። ከሐኪም ቤት እንደተመለስን በርሜሉን አየሁት፣ የጣሪያው አሸንዳ ሲሞላው ውሎ እስከ አፉ ሞልቶ ይፈሳል። መታሁት፣ ድብ ብሎ ዝም አለ። እኛ የሰማነው ግን የባዶ በርሜል ጩኸት ነው። አብዲም አንዴ መታው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይለኝ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ምድጃውን ሰባብሬ ጣልኩት፣ ልጆቹ ፈተናቸውን አልፈዋል፣ በሩንም እኔ ሳልናገራቸው ይዘጋሉ። በርሜሉን ግን አሁን ማንም አይመታውም፣ ውሃ ሲመጣ በአፋችን ነው የምንጠራራው። ማንም አልወሰነውም፣ እንዲሁ ተውነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ እንደገና ከጮኸ እሷ መሆኗን እንድናውቅ ነው። ጎረቤቶቼ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይመጣም ይሉኛል። እኔ አልቀበልም፣ ለምን በሕይወት ያለ ሰው አይመጣም?

መቻራ ያላችሁ፣ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ፣ ጫልቱ የምትባል፣ አምና እዚህ ጭሮ የተማረች፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ ብርድ ልብስሽ ታጥቦ ተቀምጧል በሏት። ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።