የጥገናው ምስክር

ሽማግሌው ተመራማሪ ጠዋት በላቦራቶሪያቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። የማይክሮስኮፑ መብራት አልጠፋም፤ መነጽራቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። ባልደረቦቿ ገለባውን ከፍሬው ስለምትለይ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ለቅርብ ሰዎቻቸው የነገረቻቸው ልባቸው መቆሙን ብቻ ነው። የልብ ምት የሚያዘገይ ክኒን በደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ መገኘቱን ለራሷ ያዘች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ምክትላቸውን ነበር፤ ከተማሪነቱ ጀምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁትን ሰው።

«የምትሠሩት በምን ላይ ነው?»

«የአንጎል ሴል እንደ ቆዳ በአዲስ አይተካም፤ አብሮን ያረጃል። ውስጡ ያለው ዲኤንኤ በየቀኑ ይበጣጠሳል፣ ሴሉም ይጠግነዋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ጥገናው ይዳከማል። የእኛ መድኃኒት ጥገናውን ያበረታል። ጋሼ በራሳቸው ላይ ሞክረውት አእምሯቸው እንደ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ነገ በጉባኤ ፊት ሊመሰክሩ ነበር።»

«ታዲያ ምን ገደላቸው ይላሉ?»

«ዕድሜ ነዋ። የልባቸውን ክኒን መዋጣቸውን ረስተው ደግመው ደጋግመው ወስደው ይሆናል።»

ወንፊት ቀጣዩን አስጠራች።

ታናሽ ወንድማቸው ፊቱን ቋጥሮ ገባ። «በአባታችን ቤት ውርስ ተኳርፈን ነበር። ትናንት ማታ እዚህ ልታረቀው መጥቼ በሩን ዘጋብኝ። ከእኔ እጅ ውኃ እንኳ አይቀበልም» አላት።

ልጃቸው ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነበር የመጣችው።

«አባዬ ሰሞኑን ስሜን እየረሳ ነበር» አለች። «መድኃኒቱ እንዳልሠራ ገብቶታል። ነገ እውነቱን እናገራለሁ ብሎኛል።»

«ክኒናቸውን ማን ይሰጣቸው ነበር?»

«ጣቶቹ አይታዘዙለትም፤ ማሸጊያውን መፈልቀቅ ያቅተዋል። ቤት እኔ፣ እዚህ ደግሞ ምክትሉ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የገደላቸው የልባቸው ክኒን ነው» አለች። «ብቻቸውን ማውጣት ስለማይችሉ የሰው እጅ አለበት። ከወንድማቸው አይቀበሉም። ልጃቸው ሌሊቱን ሥራ ላይ ነበረች።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ክኒን የሚል ቃል ከአፌ ሳይወጣ አንተ አነሳኸው። አእምሯቸው እንደ ጎረምሳ ነው ባልክበት አፍህ ረስተው ነው አልከኝ።»

ምክትሉ አቀረቀረ።

«የዕድሜ ልክ ልፋቴን ነገ አፈር ሊያለብሱት ነበር።»

«እንዴት አድርገህ አስዋጥካቸው?»

«‹ጋሼ፣ ክኒንዎን አልወሰዱም› እላቸዋለሁ፤ ይወስዳሉ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ እላቸዋለሁ። በሰጠኋቸው ቁጥር ‹ተባረክ ልጄ› ይሉኝ ነበር።»

«መድኃኒትህ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን እምቢ ይሉህ ነበር» አለች ወንፊት።

ልጅቱ ምክትሉን ትክ ብላ አየችው።

«የእኔን ስም ሲረሳ» አለች፣ «ያንተን ግን አልረሳም ነበር።»