የቅዳሜው እሳት

ቀጥቃጩ አቶ አግማስ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ሰኞ ገበያ ባለው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የነበረው የማንደጃ ከሰል አመድ ብቻ ሆኗል። ልጃቸው አረጋሽ ናት ያገኘቻቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ጭስ ገደላቸው አለ።

ኢንስፔክተር ቢልቂስ ግን መስኮቱን ደጋግማ አየችው። ክፍተቱ ላይ ጨርቅ ተወትፏል፤ የተወተፈውም ከደጅ በኩል ነው።

«ከሰሉን ማን አቀጣጠለው?» ስትል ወንድ ልጃቸውን ምንይሉን ጠየቀችው።

«ራሱ አባዬ። ምሳ ላደርስለት መጥቼ፣ በረደኝ ብሎ እያየሁት ክብሪት ጫረ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ።»

ጎረቤታቸው ፋኢዛ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

«ወላሂ፣ እሳቸው ቅዳሜ እሳት አይነኩም። ቤተ እስራኤል ናቸው። ድሮ ሰው ቡዳ እያለ ስለሚሸሻቸው ደብቀውት ኖሩ እንጂ እኔ አውቃለሁ። ዛሬ ጧት ገበያ ስወጣ ልለኩስልዎ ብላቸው እንኳ፣ እስኪመሽ እታገሳለሁ አሉኝ። ምነው ባልሄድኩ።»

ቢልቂስ ወደ አረጋሽ ዞረች። «አባትሽ ከወንድምሽ ጋር ተጣልተው ነበር?»

አረጋሽ መለሰች። «ምንይሉ ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። የአባዬን ምራቅ ውጭ አገር ልኮ ዘሩን አስመረመረ። ውጤቱ ከጎረቤቶቻችን የተለየ ደም የለውም አለ። ምንይሉም ‹በቃ፣ እንደ ሰው ነን፤ ዝም በል› አለው። አባዬ ግን ‹እናቴ ሰንበትን ያስተማረችኝ ደሜን መርምራ አይደለም፤ ማንነታችንን ለአማቾችህ ራሴ እነግራቸዋለሁ› አለ። ጠቡን እያወቅሁ ብቻውን ተውኩት።»

ቢልቂስ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ጎረቤቱም በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

«ጨርቁ ከደጅ ስለተወተፈ አደጋ አይደለም። ፋኢዛ ስትሄድ እሳት አልነበረም፤ አረጋሽ ስትደርስ አመድ ሆኗል። ከሰሉ ሲቀጣጠል እዚህ ነበርኩ ያልከው አንተ ብቻ ነህ፣ ምንይሉ። አባቴ ክብሪት ጫረ አልክ። ብርዱን ችለው የዋሉ ሰው፣ በሰንበት ክብሪት አይጭሩም።»

ምንይሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምሳውን በልቶ መረቀኝ። ሲተኛ ለኮስኩት» አለ በመጨረሻ። «ኮምቦልቻ መውረጃው ላይ ልመለስ ብዬ ነበር። አልተመለስኩም።»

ካቴና ገባለት። ከጎረቤቶቹ አንዱ ሽማግሌ አረጋሽን አባቷ በየትኛው ሥርዓት እንደሚቀበሩ ጠየቃት። እሷ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«በእናቱ ሥርዓት ቅበሩት» አለ ምንይሉ፣ በሩ ላይ የቆመው ሁሉ እየሰማው። «ቤተ እስራኤል ነው። እኛም ነን።»