ከግርግም የተወሰደ ገለባ

ልጆች፣ ኔሊዳ የምትባል የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከኩስኮ ከተማ በላይ፣ ዋይላፓታ በምትባል የተራራ መንደር ነው። እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ እነሱም በማድቤታቸው ጥግ ኩይ ያረባሉ። ኩይ ጅራት የላትም፤ ከአይጥ ትበልጣለች፣ ከጥንቸል ታንሳለች፣ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ትጠበሳለች። ሙሩ የምትባለው ዝንጉርጉር ኩይ የኔሊዳ የራሷ ነበረች።

አሁን ጸጥ በሉ፤ ስለ ገለባ ልናገር ነው። ስለ ገለባ ሲነገረው የማይሰማ ልጅ ስለ ትልልቁ ነገርም አይሰማም።

የኩይ ግልገሎች ፀጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በተወለዱበት ዕለት ይሮጣሉ። እርጥብ መኝታ ግን ይገድላቸዋል። ስለዚህ ገብስ ከተወቃ በኋላ ገለባው ሳይዘንብበት ጣሪያ ሥር መግባት አለበት። በዚያ ዓመት ይህ ሥራ የኔሊዳ ነበር። እሷ መረብ ኳስ ልትጫወት ሄደች። ነገ አስገባዋለሁ አለች። በማግስቱም ግጥሚያው አላለቀም። ገለባው አውድማው ላይ እንደተከመረ ዝናብ መጣበትና ሻገተ።

ሙሩ በዝናቡ መግቢያ ወለደች። ግልገሎቿም በሻገተው ገለባ ላይ አንድ በአንድ አለቁ።

የኔሊዳ እናት ኡርሱላ ክፉ ሴት አይደለችም። ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት።

«ልጆቿን የማታሳድግ ኩይ ሣር አትጨርስብኝም» አለች። «እንደገና አርግዛለች፣ እንይላት። እነዚህም ከሞቱ ግን ለገና የክርስትና አባትሽ ሰሃን ላይ ነው የምትወጣው።»

ኔሊዳ ግን ጥፋቱ የሙሩ እንዳልሆነ ታውቃለች።

በዚያ አገር ገና የሚመጣው ከነዝናቡ ነው። በዓሉ ሲቃረብ የሙሩ ሆድ መሬት ይነካ ጀመር፤ በቤቱ ውስጥ ግን አንድ እፍኝ ደረቅ ገለባ አልነበረም። ኔሊዳ አናጺው ደጃፍ ሄደች። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ አመጣች። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መዓዛው ቤቱን ሞላው። እንደ ሙሽራ አልጋ አነጠፈችው። ሙሩ ገብታ አሸተተችው። አስነጠሰች። ዓይኗን በእግሯ አሸችና ወጥታ ባዶው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«አትሞላቀቂ» አለቻት ኔሊዳ። «ሽታው እኮ ደስ ይላል።»

ሙሩ ደግማ አስነጠሰች። ልጆች፣ ለሚያየው ሰው ያማረ መኝታ ሁሉ ለሚተኛበት አያምርም።

የኔሊዳ የክርስትና አባት ዶን ካሲሚሮ ይባላሉ። በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ግርግም የማሰናዳት ማዕረግ የተሰጠው ለእሳቸው ነበር። ከራሳቸው ቆጥ ለስላሳ፣ ደረቅ የገብስ ገለባ አውርደው ከጀሶ ለተሠራው ሕፃን ኢየሱስ አንጥፈውለታል። ጀሶ ብርድ አይሰማውም የሚል ልጅ ካለ ዝም ይበል። ብርድ ሌላ፣ ክብር ሌላ።

ቤተ ክርስቲያኑን የመጥረግ ተራ ለኔሊዳ ሲደርስ፣ ሙሩ የናቀችውን ሰጋቱራ በከረጢቱ ይዛ ሄደች። ቤቱን የሚያስጌጡት ሴቶች አበባ ሊለቅሙ ወጥተዋል። ግርግሙ ፊት ቆመች። ገለባውን በጣቷ ነካችው፤ ሙቀት ያለው መሰላት። ከዚያ ሕፃኑን ቀስ ብላ አነሣችው፣ ሰጋቱራውን መሬት ላይ ዘርግፋ ገለባውን ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፣ በምትኩ ሰጋቱራውን አነጠፈች።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ መልሳ እያስተኛችው፣ «አንተ አታስነጥስም።»

ሰረቀች ማለት ነው። ስርቆት ሌላ ስም የለውም። እናቷ ገለባውን ከየት አመጣሽው ስትላት፣ ከሰው ነው አለች። ይህም ውሸት ነው፤ ኃጢአት እንደ ኩይ ብቻዋን መኖር አትወድም። ሙሩ ግን ወዲያው ገብታ ተጋደመች። ሲነጋ ሦስት ደረቅ ግልገሎች ገለባው ውስጥ ይሯሯጡ ነበር።

የገና ዕለት ቄሱ ከከተማ መጡ። ገና ደጁን ሲረግጡ ቆም ብለው አየር ሳቡ። ይህ የገነት መዓዛ ከየት ነው ብለው ጠየቁ። ዶን ካሲሚሮ ግርግሙን አዩ። ቄሱን አዩ። ሕዝቡ ሁሉ እሳቸውን እያየ ነው።

«አባ፣ ሐሳቡ የእኔው ነው» አሉ።

ተጨበጨበላቸው። ልጆች፣ ይህ ታሪክ ስለ አንዲት ሕፃን ኃጢአት ነው። ስለ ዶን ካሲሚሮ እዚህ ላይ የምለው የለኝም።

ከጸሎቱ በኋላ ዶን ካሲሚሮ ለምሳ ወደ እነኔሊዳ ቤት መጡ። እንደ ወጉ የተጠበሰ ኩይ ከነድንቹ ቀረበላቸው፤ የታረደው ወፍራም ወንዴ ነበር። ሾርባውን እየጠጡ ስለ ሰጋቱራው አወሩ። ከቆላ አገር በልዩ ትእዛዝ እንዳስመጡት፣ እንጨቱንም ራሳቸው እንደመረጡት ተናገሩ። ከዚያ የግልገል ጩኸት ሰምተው ወደ ጥጉ ጎንበስ አሉ።

«አበልጄ፣ እንዴት ያሉ ግልገሎች ናቸው! ደግሞ በዚህ ዝናብ እንዲህ ያለ ደረቅ ገለባ ከየት ተገኘ?»

«ኔሊዳ ናት ያመጣችው» አለች ኡርሱላ። «ከአክስቷ መሰለኝ። አይደል?»

በአዎንታ ራስ መነቅነቅ ይበቃ ነበር። እውነቱን ከተናገረች ገለባው ወደ ግርግሙ ይመለሳል፤ ግልገሎቹ እርጥብ ላይ ይቀራሉ፤ ሙሩ ሰሃን ላይ ትወጣለች። ኔሊዳ ወደ ሙሩ አየች። ሙሩ ሣሯን ትበላለች፤ ኩይ ምክር አትሰጥም።

«የእርስዎ ገለባ ነው፣ አባባ» አለች። «ከግርግሙ ሰርቄ ነው። ሰጋቱራውንም እዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከአናጺው ደጃፍ ጠርጌ ያመጣሁት ነው።»

ኡርሱላ የተላጠ ድንች እንደገና መላጥ ጀመረች። የዶን ካሲሚሮ እጅ የኩዩን ቅልጥም እንደያዘ መንገድ ላይ ቀረ። ጆሯቸው ቀላ። ገለባዬን መልሱ ቢሉ ሰጋቱራው ሊወጣ ነው፤ ሰጋቱራው ቢወጣ ቄሱ ሊጠይቁ ነው።

«ገለባው እዚሁ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «አራስ ከመኝታዋ አትነሣም።»

ለኩይ አራስ እንዲህ የሚያዝኑ መሆናቸውን እስከዚያ ቀን የሚያውቅ አልነበረም።

«እውነትዎን ነው፣ አበልጄ» አለች ኡርሱላ ቀና ሳትል። «ያ ከቆላ ያስመጡት ሰጋቱራም እዚያው ይቆይ።»

ኔሊዳ እያለቀሰች ነበር። አባ ሳይሄዱ ሄጄ እናዘዛለሁ አለች። ቅልጥሙ ሰሃኑ ላይ ወደቀ።

«ተናዘዢ፣ ልጄ፣ ተናዘዢ» አሉ ዶን ካሲሚሮ። «የራስሽን ብቻ ግን።»

የራሷን ብቻ ተናዘዘች። ቄሱም ንስሓ ሰጧት፤ በመጪው መኸር የቤቷን ገለባ ካስገባች በኋላ የክርስትና አባቷንም ገለባ ወደ ቆጣቸው ታወጣለች። መኸሩ ደረሰ። ጓደኞቿ መረብ ዘርግተው ይጠሯታል፤ እሷ ሸክሙን ተሸክማ መሰላል ትወጣለች። ሙሩም ሰሃን ሳታይ፣ በልጆቿ መካከል አረጀች።

በሚቀጥለው ገና ግርግሙ ላይ የተነጠፈው ገለባ ነበር። ቄሱ ያ መዓዛ ወዴት ሄደ ብለው ሲጠይቁ ዶን ካሲሚሮን ብርቱ ሳል ያዛቸው።

እንግዲህ ልጆች፣ ገለባውን በጊዜው ያላስገባ ልጅ ከጌታ አልጋ ይሰርቃል፤ ጥፋቱን በአፉ የተናገረ ልጅ ግን በደረቅ መኝታ ይተኛል።