ከፎቶው አልወጣ ያለው ሰውዬ

እኔ ለጂንና ለመንፈስ ወሬ ጆሮ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ባለቤቴ ሰሚራ ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር እየቀሰቀሰችኝ እንኳ «ድመት ነው ባክሽ» ብዬ ፊቴን አዙሬ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ ላስደንግጣችሁ ብዬ እንዳልሆነ እወቁልኝ፣ ወላሂ የሆነውን ነው የምናገረው።

ነገሩ በኢህአዴግ ጊዜ ነው፣ ኮምፒውተር ገና እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ወፍራም በነበረበት ሰዓት፣ ሐዋሳ መሃል ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ፎቶሾፕ የሚችል እንደ ልብ ስለማይገኝ ደግሞ የተቀደደና የደበዘዘ ፎቶ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። አንድ የክረምት ቀን እትዬ ታደለች መጡ። ታቦር ነው የሚኖሩት፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ሁሉ እኔ ጋ የሚያሳጥቡ ደንበኛዬ ናቸው። ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ፣ ምን ልበላችሁ፣ ፎቶ ለማለት ራሱ ይከብዳል፣ እርጥበት በልቶታል፣ ሻግቷል፣ በመስቀልኛ ታጥፎ ተሰነጣጥቋል። ወጣት ወንዶችና ሴቶች ጭቃ ቤት ግድግዳ ስር ተደርድረዋል፣ ከኋላ ጥግ ላይ የቆመው አንድ ሰው ግን ፊቱ የለም፣ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ተፍቋል።

«እትዬ፣ ይሄኛው እኮ የእርጥበት አይደለም፣ ሰው ነው የፋቀው» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ አላፈሩም። «በመርፌ ነው የፋቅኩት።»

ነገሩን ቆመው አጫወቱኝ። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ እሳቸውና እነዚህ ፎቶው ላይ ያሉት መዘምራን በድብቅ በሰው ቤት ይሰበሰቡ ነበር፣ አንድ ቀን ቤቱ ተከቦ ሁሉም ታሰሩ፣ ሌዳሞ የሚባለው ይሄ ፊቱ የተፋቀው ሰውዬ ብቻ በቦታው አልነበረም። «ማን እንደጠቆመን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም» አሉኝ። «አሁን የቀረነው ከየሀገሩ ተጠራርተን ልንገናኝ ነው፣ ትልቅ አድርገህ አጥበህ ትሰጠኛለህ። እሱን ግን አውጣው፣ በቦታው ግድግዳውን ሙላው።»

እሺ አልኩ፣ የደንበኛ ነገር ነው፣ ምን አገባኝ። ሌሎቹን ስጠግን ቆየሁና መጨረሻ ላይ ወደ ሌዳሞ መጣሁ፣ ጥግ ላይ ያለን ሰው ማውጣት ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ሥራ ነው፣ ከግድግዳው ትወስዳለህ፣ በላዩ ላይ ታለብሰዋለህ፣ አለቀ። አጠፋሁት፣ ሴቭ አደረግኩት፣ ጎረቤት ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ ስከፍተው ሰውዬው አለ። ሳቅኩ፣ ሴቭ ማድረግ ረስቼ ነው ብዬ እንደገና አጠፋሁት። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፣ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ሲል ተሯሩጬ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። መብራት ሲመጣ ከፈትኩት፣ አሁንም አለ፣ ያውም የመርፌው ጭረት ሳስቷል፣ ከስሩ ግንባር የመሰለ ነገር ይታያል። ቫይረስ ነው አልኩ፣ ያኔ በየፍላሹ የማይመጣ ቫይረስ አልነበረም፣ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አስፈተሽኩት፣ ምንም የለበትም።

ድምፁን የሰማሁት ይሄኔ ነው። አፉን ዘግቶ የሚያዜም ወንድ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ከሩቅ አይደለም፣ እዚያው ክፍል ውስጥ። የጎረቤት ቴፕ መሰለኝና ወጥቼ አየሁ፣ ጎረቤቴ ዝናቡን ሸሽቶ ሱቁን ዘግቷል። ስመለስ ድምፁ የለም፣ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ማውሱን ስነካ ጭጭ ይላል። እመኑኝ፣ እጄን ማውሱ ላይ ጭኜ ምንም ሳልሠራ ብዙ ተቀመጥኩ፣ ብቻ ዝም ይበልልኝ ብዬ።

በዚህ መሃል ሰሚራ ጃንጥላ ይዛልኝ መጣች። ገና ስትገባ ስክሪኑን አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ይሄን ጥግ ላይ ያለውን ሰውዬ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ያጠራኸው? ከሁሉም እሱ አማረ!»

ቀና ብዬ አየሁ። ሙሉ ፊት ነው፣ ሰፊ ግንባር፣ ልስልስ ያለ ጉንጭ፣ የሆነ ነገር ሊል ያለ ይመስል ከንፈሩ ትንሽ የተከፈተ ወጣት ልጅ፣ ሁለት ዓይኑን ወደኛ ተክሎ። እኔ ደግሞ ፊቱን ለመሥራት ጣቴን አላነሳሁም፣ ብፈልግስ ከምን ላይ አመጣዋለሁ? ነገሩን ስነግራት ሰሚራ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ በሩ አፈገፈገች፣ ግን ከኔ የተሻለ ልብ ነበራት። «ለሴትየዋ ደውልላቸው፣ ጉዳዩ የሳቸው እንጂ ያንተ አይደለም» አለችኝ። እኔ የፈራሁት የቀለድኩባቸው እንዳይመስላቸው ነበር፣ ቢሆንም ደውዬ ነገ ብቅ ይበሉ አልኳቸው።

በማግስቱ እትዬ ታደለች ሲመጡ እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኝ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ። በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ነስሩ፣ ይሄን መዝሙር ከየት አወቅከው?»

«የቱን መዝሙር?»

«አሁን የምታዜመውን ነዋ! እኔና አንተ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። ደግሞ ይሄ የወፍራሙ ድምፅ ክፍል ነው፣ ይሄን የሚዘምረው ሌዳሞ ብቻ ነበር።»

ማዜሜን ራሱ አላወቅኩም ነበር። ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። ደንበኛ ለፎቶ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ቁጭ አሉ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው «ከእስር ወጥተን መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ፣ ፊቴን ሳዞርበት፣ ልክ እንደዚህ ነበር ያየኝ» አሉ። ሲነሱም አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉኝ፣ «እንዳታወጣው።»

ሌዳሞ በሕይወት እንዳለና ይርጋለም እንደሚኖር ጠይቀው አገኙ፣ ራሳቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ። ለካ ሰውዬው እነሱ ከመታሰራቸው በፊት ከመንገድ ላይ ተይዞ ሌላ ከተማ ነበር የታሰረው፣ ከነሱ ዘግይቶ ነው የተፈታው። «ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» ቢሉት «ማን ጠየቀኝ?» አላቸው።

የተገናኙ ዕለት ፎቶ እንዳነሳ ተጠርቼ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ግቢ ሄድኩ። ሌዳሞ ሽበታም ሆኖ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ፈራ ተባ እያለ ሲገባ ሁሉም ተነሱ፣ እትዬ ታደለች ጉልበቱ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ ያንን መዝሙር ዘመሩት፣ ዜማውን አውቀዋለሁ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ብድግ ያለልኝ መሰለኝ፣ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም፣ እሰይ፣ የፈለገ ጂን ይሁን፣ ደግ ነው የሠራው አልኩ።

በኋላ ሌዳሞ መነጽሩን አድርጎ ግድግዳ ላይ ወደሰቀሉት ፎቶ ተጠጋና መሳቅ ጀመረ።

«ማነው እንዲህ ያሳመረኝ?» አለ። «ያን ቀን እኮ ጥርሴ አብጦ ጉንጬን በነጠላ ጠቅልዬ ነበር! አንድ ዓይኔ እንኳ አልተገለጠም። እንዳልታይ ብዬ ነው ጥግ የቆምኩት።»

«ውይ፣ እውነቱን ነው!» አሉ እትዬ ታደለች፣ «እኔ አይደለሁ እንዴ ነጠላውን ያሰርኩለት!» ግቢው በሳቅ ተናጋ፣ እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ገባችሁ አይደል? ካሜራው ያንን ፊት አላየውም። ታዲያ እኔ ያጠብኩት ፊት ከየት መጣ?

ፎቶ ቤቷን ዘግቼ ሌላ ከፍቻለሁ፣ ኮምፒውተርም ስንቴ ቀይሬያለሁ፣ ያ ፋይል ግን አብሮኝ ይዞራል። ሰሚራ አጥፋው ትለኛለች፣ አላጠፋሁትም፣ ከፍቼውም አላውቅም። ባለፈው ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ስገለብጠው ፋይሉ ሳይከፈት በምትታየዋ ጥፍር በምታክል ምስል ላይ ዓይኔ አረፈ፣ ሌዳሞ ከጥጉ ወጥቶ መሃል ላይ፣ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ይዘውት የቆሙ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፣ አላጎላሁትም።