የመስቀል ዕለት የተረፈ ዳቦ

ኑኃሚንን የተዋወቅኳት ምድጃ እጄን አቃጥሎኝ ነው።

ወልቂጤ ዳቦ ቤት ከከፈትኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ከመናኸሪያው በቀር የማውቀው ሰፈር አልነበረኝም። እጄን እያራገብኩ ፊት ለፊት ወዳለው መድኃኒት ቤት ሮጥኩና በዱቄት የተለወሱ መዳፎቼን ንጹሑ የባንኮኒ መስታወት ላይ አሳረፍኩ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጅ መጀመሪያ መስታወቱን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ወንድሜ፣ ትንሽ እርሾ ብትጨምርበት እዚሁ ትጋግር ነበር» አለችኝ።

የቃጠሎ ቅባት አወጣች። ቅባቱን ራሷ ቀባችልኝ፤ ጣቶቿ ቀዝቀዝ ያሉ ነበሩ። ከፍዬ ስወጣ ቅባቱን እዚያው ረሳሁት። አስፋልቱን ተሻግራ ይዛልኝ መጣች፤ ስትመለስ አንድ ትኩስ ዳቦ ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጎራ ማለት ጀመረች። እኔም ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከመንገዱ ላይ ሳይነሳ፣ ሊጡ በጨርቁ ሥር ቀስ እያለ ኩፍ ሲል እያየሁ እሷን አስባለሁ። ደንበኛ ሁለቴ ሦስቴ ካልጠራኝ አልሰማም። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ሰው ላይ ባይ ኖሮ እስቅበት ነበር።

«ይትባረክ፣ የዛሬው ዳቦህ ጨው የለውም» አለችኝ አንድ ቀን።

«ረስቼው ነው።»

«ምን እያሰብክ?»

«እንዲሁ... ምንም።»

ፈገግ ብላ ሄደች። ያን ቀን ደንበኞቼ ሁሉ በእሷ የተነሳ ጨው አልባ ዳቦ በሉ።

መስከረም ገባ። ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ዳቦዋን ተቀብላ ቆም አለች።

«ለመስቀል ቸሃ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ነው የምሄደው። አብረን እንሂድ?»

እኔ ሞኙ! በእኛ አገር በዓል ያለ ዳቦ አይታሰብም። የዓመቱ ትልቁ ገበያዬ ሊመጣ ነው ብዬ በልቤ ዱቄት እያዘዝኩ ነበር።

«ዓመት በዓል እኮ ነው፣ ኑኃሚን። ዳቦ ቤት በዓመት በዓል ይዘጋል እንዴ?»

«ለአባቴ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ ብዬዋለሁ።»

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ። ቤቱ የትም አይሄድም።»

«አዎ፣ ቤቱማ የትም አይሄድም» አለች። ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ትታ መንገዱን ተሻገረች። በማግስቱ ተሳፍራ ሄደች።

ለመስቀል ከወትሮው ሦስት እጥፍ ጋግሬ ጠዋት በሬን ከፈትኩ። ማንም አልመጣም። ሱቆቹ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። እስከ ረፋዱ ድረስ የሸጥኩት አራት ዳቦ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ዑመይር ብቅ ብሎ የዳቦውን ክምር አየና ሳቀ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለመስቀል።»

«አይ ወንድሜ! ጉራጌ በመስቀል ከተማ ይቀመጣል? ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ሄዷል፤ ክትፎውን በቆጮ እየበላ ነው። ይልቅ አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ? ያቺ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አልጠራችህም?»

«ጠርታኝ ነበር። ገበያ አለኝ አልኳት።»

ሳቁ ጠፋ። «ሴት ልጅ በመስቀል ሰው ይዤ እመጣለሁ ብላ ለአባቷ ከነገረች ለምሳ ብቻ መሰለህ? መታጨቱ፣ መተያየቱ ሁሉ በዚህ ሰሞን ነው። አባቷ ፊት ብቻዋን ስትቀርብ ምን ትበል? ነገ ሌላ ሰው ሽማግሌ ቢልክ ምን ብላ ትከልክል?»

 ያን ዕለት ዳቦውን ትታልኝ የሄደችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ዑመይር፣ ቸሃ አድርሰኝ። ቤታቸውን ጠይቀን እናገኘዋለን።»

ዳቦውን በጆንያ ሞልተን ወጣን። ያን መንገድ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። ዝናብ ያጠበው ሰማይ፣ በአጥሩ ሁሉ ላይ የሚወዛወዝ የእንሰት ቅጠል፣ ቢጫ አበባ፣ ከሩቅ የሚሰማ ዘፈን። ደርሰን ስወርድ በቤቶቹ ፊት በተንጣለለው ሣር ላይ ከእህቶቿ ጋር ቆማ አየኋት። ጆንያዬን ተሸክሜ ሄድኩ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችኝ።

«ዳቦ... ተረፈኝ።»

«ክትፎ ላለበት ቤት ዳቦ?»

«ዳቦውን ተዪው። ተሳስቻለሁ፣ ኑኃሚን። የጠራሽኝ ለግብዣ ብቻ መስሎኝ ነበር። እወድሻለሁ። ይህን በአፌ ሳልነግርሽ መቆየቴ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ስህተቴ ነው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሦስት ቀን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ ነው የሰነበትኩት» አለች ቀስ ብላ። «እህቶቼ እንኳን መጠየቅ ትተው ነበር።»

አባቷ ከጎጆው ወጡ። ከእግሬ እስከ ራሴ ዱቄት ለብሼ ቆሜያለሁ።

«እሱ ነው?» አሏት።

«እሱ ነው፣ አባባ።»

«ዘገየ።»

«ዘገየ፤ ግን መጣ።»

አባቷ ጆንያውን ከትከሻዬ አወረዱት። «በል ልጄ፣ ዱቄትህን አራግፍና ግባ። ያንተን ድርሻ ማንም እንዳይነካው ብላ ልጆቹን ስትቆጣ ነው የዋለችው።»

ዳቦውን የመንደሩ ልጆች ሳይመሽ ጨረሱት። እኔም በጥር ሽማግሌ ላክሁ፤ በፋሲካ ማግስት ተጋባን።

አሁን በመስቀል ሰሞን ወልቂጤ መጥታችሁ ዳቦ ቤታችንን ዝግ ብታገኙት አትቀየሙን። በሩ ላይ «አገራችን ገብተናል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የደብረ ማርቆሱ ልጅ።