ለአንድ አጥር አንድ ስልክ

ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር ጠይባና ባሏ ሀምዱ ከሀምዱ ታናሽ ወንድም ከአብዱሰላም ጋር በአንድ አጥር ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ፈይዛ ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ስትሄድ ሀምዱ ስልክ ልግዛ አላለም። እሱም ሚስቱም ፊደል አልቆጠሩም፤ አብዱሰላም ግን ያነባል፣ ስልክም አለው። «ለአንድ አጥር ሁለት ስልክ ምን ይሠራል? ወንድሜ አይደል?» አለ። ወይ የዋህነት!... የሚደወልበት ቁጥር፣ ብር የሚገባበት የባንክ ደብተር፣ ሁሉም በአብዱሰላም ስም ሆነ።

ብሩ ሁለት ጊዜ መጣ። ከዚያ ወዲያ አብዱሰላም «ብደውል አታነሳም፤ ረስታችኋለች» ማለት ጀመረ። የእሱ ቤት ግን ቆርቆሮ ለበሰ፣ ወፍጮም ተከለ። «በስልክ የደጎሎን ገበያ የእህል ዋጋ እየጠየቅሁ ነው የምነግደው» ሲል ማን ይጠርጥረው? ስልክ የያዘ እንደሚያልፍለት አገር ያውቃል። ሀምዱ ኩላሊቱን ታመመ። ደሴ ሄደህ ታከም ተባለ፤ በምኑ ይሂድ? ሣር ቤቱ ውስጥ ዓመት ሙሉ ማቀቀ። የሞቱ ዕለት ጠይባ እጁን ይዛ፣

«የፈይዛ አባት፣ ልጅህን አፉ በላት» ብላ ለመነችው።

«በዚህ ስም አትጥሪኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በዚያው አሸለበ።

አርባው ሳይወጣ ፈይዛ መጣች። ሣር ቤቱን ስታይ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እማ፣ አባቴስ? በየወሩ በላክሁት ብር ታክሞ ድኗል አይደል?»

በየወሩ?... ጠይባ ጆሮዋን አላመነችም። «አባትሽ ሞቷል፤ ብርሽም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የደረሰን» አለቻት። ፈይዛ ስልኳን አውጥታ አጎቷ የላከላትን ድምፅ ከፈተች። «አባትሽ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ፤ እርሻ ውሎ መግባቱ ነው። ይመርቅሻል» ይላል አብዱሰላም። ሀምዱ በተቀበረ በሳምንቱ የተላከ ነበር! ያ ድምፅ ሀምዱ የሞተበትን ቤት ሞላው። ጠይባ እንባ እንኳ እምቢ አላት። ወንድም፣ የአንድ እናት ልጅ፣ እንዲህ ያደርጋል?

ጎረቤት ተሰበሰበ። አብዱሰላም ተጠርቶ መጣና የጠይባ እግር ላይ ወደቀ።

«አፉ በይኝ፣ እታለም።»

«እኔስ አፉ ልበልህ፤ ልጄን አፉ የሚላትን ግን መሬት ውስጥ ከተኸዋል» አለችው ጠይባ።

በማግሥቱ እናትና ልጅ መቃብሩ ዘንድ ሄዱ። ፈይዛ ጉንጯን አፈሩ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ አልረሳሁህም» እያለች ተንሰቀሰቀች። ጠይባም አጠገቧ ቁጭ አለች። አላህ የጻፈው ነው እያሉ ያጽናኗቸው ጎረቤቶች እውነታቸውን ይሆናል። ሀምዱ ግን ልጄ ረሳችኝ ብሎ ሞተ... አሁን ማን ይንገረው?