መራራውን ያጎረሰ እጅ

አናጢው ሞቶ የተገኘው በገዛ እጁ በሠራው ወንበር ላይ ነው። አንገቱ ወደ ትከሻው ዘመም ብሏል፤ አጠገቡ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ፔርሙዝና ግማሹ የተጠጣ ጥቁር ቡና ተቀምጠዋል። ላየው ሰው ከድካም ብዛት ያሸለበ ይመስላል። በእግሩ ሥር ግን ውሻው እየዞረ ያላዝናል። ሰሞኑን ሆዱ ተቀዶ ስለተሰፋ፣ ስፌቱን እንዳይልስ እንደ ባልዲ የሰፋ ፕላስቲክ አንገቱ ላይ ተጠልቆለታል። በዞረ ቁጥር ፕላስቲኩ ከወንበሩ እግር ጋር ይጋጫል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ሟቹን አንዴ፣ ውሻውን ደጋግማ አየች። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ነገርን ሳትወጋ አታልፍም ለማለት ነው።

የላብራቶሪው ውጤት የመጣ ዕለት ሳጅኑ እጁን እያፋተገ ቢሮዋ ገባ።

«በቃ፣ ነገሩ አልቋል። ቡናው ውስጥ የውሻው የሕመም ማስታገሻ ተገኝቷል፤ ያውም በሬ የሚጥል። ገዳዩ ታናሽ ወንድሙ ነው። በወርክሾፑ ምክንያት ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። ጧት ጧት እየመጣ ለውሻው ክኒን የሚሰጠውም፣ ሬሳውን አገኘሁ ያለውም እሱ ነው። ካላመኑኝ ውሻውን ይጠይቁት! ድሮ ሲያየው ይዘል ነበር አሉ፤ ሰሞኑን ግን ሶፋ ሥር ይደበቃል። እጁንም ነክሶታል።»

«ውሻ ምስክር ሆነ በለኛ።»

«ከስንቱ ሰው ይሻላል! ነገ አስገባዋለሁ።»

«ቆይ እስኪ። ሰው አስሮ ይቅርታ ከመጠየቅ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።»

ወንድምየው ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። ልጆቹን ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣቸው እያሰበ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

«ጋሼን እኔ ልገድል? ተጣልተናል፣ አዎ። የማይጣላ ወንድም አለ እንዴ?»

«ውሻው ለምን ነከሰህ?»

«ክኒኑን በግድ ሳውጠው ነዋ! በእንቁላል አስኳል ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ፤ አስኳሉን ይበላና ክኒኑን ቱፍ! እንደ እሬት ይመራል። መንጋጋውን ፈልቅቄ ነው የማውጠው። ይኸው፣ እኔን ሲያይ ጠላቱን ያየ ነው የሚመስለው።»

ከጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖረው ተከራይ ልብስ ሰፊ ነው። አናጢው ቤቱን ልቀቅ ብሎት ስለነበር እሱም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ሆነ።

«እኔ እንኳን ሰው፣ ዶሮ ሲታረድ ዓይኔን ነው የምጨፍነው» አለ። «ግን አልዋሽም፣ ጌታው ከሞተ በኋላ የእንስሳት ሐኪሟ ውሻውን ከወሰደችው ወዲህ እንቅልፍ አግኝቻለሁ። ያ ፍጥረት ቀኑን ፀጥ ብሎ ይውልና ሲመሽ ሙሾ ያወርዳል። ሰፈሩ ሁሉ የጌታው ሞት ታይቶት ነው ይላል።»

«ቀን ግን ፀጥ ይላል?»

«እንደ ጠገበ ሕፃን!»

ወስፌ ፈገግ አለች፤ ምክንያቱን ግን ለሳጅኑ አልነገረችውም።

የቀረችው የሟቹ ሚስት እህት ነበረች። ሁሉም እታለም ይላታል። እህቷ ከሞተች ጀምሮ የአናጢውን ቤት ይዛ ኖራለች፤ ለእህቷ የለበሰችውንም ጥቁር ልብስ ገና አላወለቀችም።

«የማታውን ክኒን የምሰጠው እኔ ነበርኩ» አለች ረጋ ብላ። «በአስኳል አድርጌ። እኔን አንድም ቀን አላስቸገረኝም፤ ከእጄ ነጥቆ ነው የሚውጠው።»

«ይወድዎታል ማለት ነው።»

«እንስሳ እኮ ክፉና ደጉን ያውቃል» አለች፣ ግቢው ውስጥ የቆመውን ወንድምየውን በመስኮት እያየች።

በማግስቱ ሁሉም አናጢው ቤት ሳሎን ተሰበሰቡ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችው የእንስሳት ሐኪም ውሻውን ይዛ መጣች። ውሻው ወንድምየውን ገና ሲያይ ሶፋ ሥር ተወሸቀ። የእታለምን ድምፅ ሲሰማ ግን ጭራውን እየቆላ ወጣ። ሳጅኑ «አላልኩም?» በሚል ዓይን ወስፌን ተመለከታት።

«ውሻው ሞት ታይቶት አለቀሰ ትላላችሁ» አለች ወስፌ። «ዶክተር፣ ሆዱ የተቀደደ ውሻ ለምን ያለቅሳል?»

«ስለሚያመዋ! ማስታገሻውን ከወሰደ ግን ይተኛል።»

«ቀን ይተኛል፤ የጧቱ ክኒን ደርሶታል። ማታ ያለቅሳል፤ የማታው አልደረሰውም። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ክኒን ቁጥር ግን ልክ ነው። እንግዲህ የማታው ክኒን ከብልቃጡ ወጥቷል፣ ውሻው ሆድ ግን አልገባም። ተጠራቀመና ፔርሙዙ ውስጥ ገባ። ያለ ስኳር ለሚጠጣ ሰው ቡናውም መራራ፣ ክኒኑም መራራ።»

«በአስኳል ሰጠሁት አልኩ እኮ!» አለች እታለም።

«እስኪ አሁንም ይስጡት።» ወስፌ ክኒን የታሸገበትን አስኳል አቀበለቻት።

እታለም አመነታች። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ስለነበር ግን እጇን ዘረጋች። ውሻው ሳያሸት ነጥቆ አላመጠ። ወዲያው አፉን አጣሞ ክኒኑን ምንጣፉ ላይ ተፋው። ግራ ተጋብቶ እጇን አሸተተና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ከዚህ እጅ መራራ ቀምሶ አያውቅም» አለች ወስፌ። «ወንድምየውን የሸሸው መድኃኒቱን በእርግጥ ስለሰጠው ነው። እርስዎን የወደደው ባዶ አስኳል ስላጎረሱት ነው። ሳጅን፣ ምስክርህ እውነቱን ነግሮህ ነበር፤ አንተ ነህ ገልብጠህ የሰማኸው።»

ወንድምየው ፊቱን በታሰረው እጁ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እታለም ግን አንገቷን ቀና አደረገች።

«ደግ አደረግሁ! እህቴ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ስታጣጥር፣ ‹ጨጓራ ነው፣ ይተዋታል› ብሎ በሩን ዘግቶ ተኛ። ሐኪም ቤት የደረሰው ሬሳዋ ነው። እሱንም ችዬ ኖርኩ። ውሻው ምስማር ሲውጥሳ? በፎጣ ጠቅልሎ፣ መኪናውን እንደ እብድ አስነሥቶ በረረ! ከእህቴ ውሻ በለጠበት! ያን ዕለት ማልኩ። በዚያው በውሻው መድኃኒት ይሂድ አልኩ፣ ሄደ። የእህቴን ደም መልሻለሁ።»

«ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅስ ነበር» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «‹የሚስቴ ውሻ ነው፤ ለእሷ ዘግይቻለሁ፣ ለእሱ አልዘገይም› አለኝ።»

እታለም ሳቀች። «ለውሻ ሐኪም ተናዘዘ! አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ለእኔ ትንፍሽ ሳይል። ይበለው!»

«እሱን ይበለው» አለች ወስፌ። «ይሄ ውሻ ግን እህትዎ ጡጦ እያጠባች ያሳደገችው ነው። የተቀደደ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ ሲያድር፣ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

እታለም ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«በሬን ዘግቼ...» አለች።

ሳጅኑ እጇን ይዞ አወጣት።